«መካከለኛ» የተባለው ጣት

ፒያሳ አካባቢ ወርቅ የሚሠሩ አንድ ሰው የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት የማሳያ መስታወት ቆረጣቸው። መጀመሪያ የሄዱበት ክሊኒክ ቆዳውን ሰፍቶ ሸኛቸው፤ ከሥሩ ሁለቱም አጣፊ ጅማቶች መበጠሳቸውን ያስተዋለ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ወራት አልፈው የጅማቱ መተላለፊያ በጠባሳ ተደፍኗል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ለሚተከለው ጅማት መተላለፊያ የሚያበጅ የሲሊኮን ዘንግ ተቀበረላቸው፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ከክንዳቸው የተወሰደ ጅማት በዘንጉ ቦታ ገባ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚጠበቅበት ያደርገዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝና አጥብቄ የምለው አለኝ፦ መገጣጠሚያው ከደረቀ የቱንም ያህል ጥሩ ጅማት ቢተከል ጣቱ አይታጠፍም። እኚህ ሰው በግራ እጃቸው ያቺን ጣት ሲያጥፉና ሲዘረጉ ከረሙ።

በክትትሉ ቀን ለካሁ። መካከለኛው መገጣጠሚያ 80 ዲግሪ፣ የጫፉ 25 ታጠፈ፤ ሲዘረጋ 15 ጎደለ። ከድምሩ የቀረው 90፣ የጤነኛ ጣት የሁለቱ መገጣጠሚያዎች መታጠፍ ድምር ተብሎ ለሚወሰደው 175 ሲካፈል 51 በመቶ ይሆናል። ጅማቱ የተጠገነ ጣት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ደረጃ በሚሰጠው የስትሪክላንድ መለኪያ ከ50 እስከ 69 ያለው ውጤት «መካከለኛ» ይባላል።

«መካከለኛ» አለ ቀዶ ሐኪሙ ካርዱን እየዘጋ።

«ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ዶክተር?»

«ከጤነኛ ጣት ጋር።»

«እኔ ጤነኛ ጣት ይዤ አልመጣሁም። አሁን ወረንጦ እይዝባታለሁ፣ ፈርጥ አስቀምጥባታለሁ። ጉጠት ግን አልጨብጥም፤ ሽቦ የሚስብልኝ ልጄ ነው። ይህንን ይጻፉልኝ።»

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

ይህ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል። ዲግሪውን አልንቅም፤ ያለ እርሱ አንዱን ታካሚ ከሌላው ማነጻጸር አይቻልም። ነገር ግን 51 ለወርቅ ሠሪም ለሸክም ሠራተኛም ያው 51 ነው፤ ሁለቱ ከእጃቸው የሚፈልጉት ደግሞ ለየቅል ነው።

ሐኪሙ ጠባሳውን የሚያላቅቅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢጨመር ቁጥሩ ሊሻሻል እንደሚችል ነገራቸው። እውነቱን ነው፣ ይቻላል።

«ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል?» ብለው ጠየቁት።

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል።»

«እንግዲያውስ ወረንጦ የምይዝባትን ጣት አላስነካም።»

ካርዱን ተቀብዬ ጀርባው ላይ «ወረንጦ ይይዛሉ፣ ጉጠት አይጨብጡም፣ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አልፈለጉም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም።