ገንዘቡ አለ፣ መድኃኒቱ የለም

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሒሳብ እሠራለሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለመስክ ምልከታ የመጡት ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው፤ አራት ኪሎ የቀጣዩ ዓመት ረቂቅ በጀት የሚጠበቅበት ሰሞን። ኃላፊያችን ከማዋለጃ ክፍሉ ሊያስጀምሩ አስበው ነበር፤ ሁለቱ አባላት ግን ገና ኮሪደሩ ላይ ክርክር ገጠሙ።

አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል መግባታቸውን አነሡ። «እኛ እዚያ አልደረስንም። ገንዘብ ሳይጨመር ማሻሻያ ብንል ማን ይሰማናል?»

ሁለተኛዋ አባል ወይዘሮ ናቸው፤ አልተቀበሏቸውም። «የተከበሩ፣ የፌዴራሉን ድርሻ ብቻ ይዘው አይፍረዱ። ክልሎች ከፌዴራል መንግሥቱ ከሚያገኙት ጥቅል ድጎማ ለጤና ስንት እንደሚያውሉ በየምክር ቤታቸው ነው የሚወስኑት። የዚህንም ጤና ጣቢያ በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። ይልቅ መድኑን እናጠናክር፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ከወጣ እኮ ቆየ!»

አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ማለታቸው ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ታስቦ፣ ሠራተኛው ቅር ስላለው ለዓመታት የተጓተተው። ነዋሪው መዋጮ ከፍሎ ከሚገባበት፣ እኔ ከምሠራበት ማኅበረሰብ አቀፍ መድን የተለየ ነው።

«ደመወዙ ወር ከማያደርሰው ሰው ቆርጠን መድኃኒት ወደሌለበት ልንልከው ነው?» አሉ ሰውየው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። በአገራችን ለሕክምና ከሚወጣው ገንዘብ ወደ ሲሶው የሚጠጋው ከሕመምተኛው ኪስ ነው የሚወጣው። ይህን ለመቀነስ በጀትም መድንም ያስፈልጋል።

ይህን ሲነጋገሩ ነው አንዲት እናት የመድን ካርዳቸውንና የሐኪም ማዘዣቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ የመጡት። የደም ግፊት መድኃኒት ነው የታዘዘላቸው። «ልጄ፣ መዋጮዬን ከፍያለሁ፣ ካርዴም ታድሷል። ለምንድነው ከውጭ ግዢ የሚሉኝ?»

ወይዘሮዋ ማዘዣውን ተቀብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። «በጀት ስለሌለ ነው?»

«አይደለም፤ ገንዘቡ አለ። መዋጮውም ተሰብስቧል።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«የክሌም ሰነዱ፣ ላከምንበት ክፈሉን ብለን የላክነው ማለቴ ነው፣ ኦዲት ላይ ነው።»

መዝገቡን አውጥቼ አሳየኋቸው። የመድን አባል ሲታከም እኛ በዱቤ እናክማለን። የሩብ ዓመቱን ሰነድ አሰባስበን እንልካለን፤ ይመረመራል፤ ፊርማ የጎደለው ወይም የካርድ ቁጥሩ የተሳሳተው ይመለሳል፤ ከዚያ ነው የሚከፈለን። ፋርማሲው መድኃኒት የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ክፍያው ከዘገየ ግዢው ይዘገያል፤ የመድኃኒት ክምችት በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ዜሮ ይጻፋል፤ እኚህ እናትም ለአንድ መድኃኒት ሁለቴ ይከፍላሉ፣ አንዴ በመዋጮ፣ አንዴ በኪሳቸው። እንዲህ የተንገላታ ሰው በዓመቱ ካርዱን ለማደስ ልቡ አይፈቅድለትም። ማኅበረሰብ አቀፍ መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ሰው ታሞ ሳለ ገንዘብ ፍለጋ እንዳይሮጥ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ሰነዱ የተላከበትንና ክፍያው የገባበትን ቀን እያነጻጸሩ ገጹን እስከ ታች አነበቡ። «ይሄ ሪፖርት ላይ አይመጣልንም» አሉ። ልክ ናቸው፤ ሪፖርታችን ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ ነው የሚለው። የተከፈለበትን ቀን የሚጠይቅ ቅጽ የለንም።

ክርክራቸው በዚህ አልተቋጨም፤ እስከ መኪናቸው ድረስ እየተከራከሩ ነው የሄዱት። እኔ በጀቱ መጨመር አለበት ከሚሉት ጋር ነኝ፤ በአንድ ክፍል ስንት ሕመምተኛ እንደሚጨናነቅ በየቀኑ አያለሁና። ነገር ግን የሚጨመረውም ገንዘብ በዚሁ መንገድ የሚያልፍ ከሆነ እዚያው ኦዲቱ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ በጀት ሲጸድቅ ሰነድ ተመርምሮ በስንት ቀን እንደሚከፈልም ቢወሰንና ቀኑን ያሳለፈው ቢጠየቅበት እላለሁ።

ወይዘሮዋ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ገጽ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ፤ ሰነዱ የተላከበት ቀን፣ የተከፈለበት ቀን፣ በመካከሉ መድኃኒት ጠፍቶ ወደ ውጭ የተላከው ማዘዣ ብዛት። የማዘዣውን ቁጥር ከፋርማሲዋ ባልደረባዬ ጋር አብረን ለቅመን ላክንላቸው። ከዚያ ወዲህ ሩብ ዓመቱ በተዘጋ ቁጥር ገጹን እንሞላለን። አንድ ቅጂ በኃላፊያችን በኩል ለከተማው ምክር ቤት እንዲደርስ እናደርጋለን፤ በጀታችንን የሚያጸድቁት እነሱ ናቸውና።