የድርጊት ቅደም ተከተልን በእንግሊዝኛ መጻፍ እንዴት ለመድኩ

«በሩን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።» እዚህ ውስጥ «ከዚያ» የሚል ቃል የለም፤ ቅደም ተከተሉን የተሸከመው ቦዝ አንቀጹ (እንደ «ከፍቶ»፣ «አብርቶ» ያለው የግሥ ቅርጽ) ነው። እንግሊዝኛ በተራ ትረካ ግሦቹን በኀላፊ ጊዜ አሰልፎ አልፎ አልፎ እንደ ዜን (ከዚያ)፣ ኔክስት (ቀጥሎ)፣ አፍተርዋርድስ (ከዚያ በኋላ) ያሉ ተውሳከ ግሦችን ጣል ያደርጋል። ልምምዴን የጀመርኩት ከዚህ ልዩነት ነው።

በቦዝ አንቀጽ የተሞላ የአማርኛ አንቀጽ እመርጥና ያለ አንዳች ተውሳከ ግሥ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ። ሳነበው ተራው በአብዛኛው ራሱ ግልጽ ነው። ተውሳከ ግሥ የምጨምረው ጊዜው በሚዘልበት ወይም ቦታው በሚቀየርበት ስፍራ ብቻ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ ዜን የሚደረደርበት ጽሑፍ አንባቢን ያሰለቻል፤ በዚህ አቋሜ ጽኑ ነኝ።

ዜን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማጋጠም አይችልም። ወይ ኤንድ ይቀድመዋል፣ ወይ ከፊቱ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ይገባል። አፍተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሟያ ይፈልጋል፦ «አፍተር ዘ ሚቲንግ» (ከስብሰባው በኋላ) እንላለን። አፍተርዋርድስ ግን ብቻውን ይቆማል፤ አሜሪካውያን ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋን «ስ» ይተዋሉ። ያንኑ ትርጉም የያዘው ሰብሲኩዌንትሊ ለሪፖርት እንጂ ለወዳጅ ደብዳቤ አይመቸኝም።

ብዙ የቆየሁት በፍጻሜ ቃላት ላይ ነው። ፋይናሊ የዝርዝርን የመጨረሻ ነጥብም፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ የመጣን ነገርም ይገልጻል። አት ላስት ግን ለሁለተኛው ብቻ ነው፤ በውስጡ እፎይታ አለ። ስለዚህ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጫጫን በምንዘረዝርበት መመሪያ የመጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ ፋይናሊ እንጽፋለን እንጂ አት ላስት አንጽፍም። ኢቨንቹዋሊ ደግሞ መዘግየትን ወይም እንቅፋትን ያስታውሳል፦ ባቡሩ ኢቨንቹዋሊ ደረሰ ከተባለ ተሳፋሪዎቹ ብዙ ጠብቀዋል ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን የለየኋቸው በአንድ ታሪክ ውስጥ እያፈራረቅሁ በማስገባትና የአንባቢው ግምት እንዴት እንደሚለወጥ በማየት ነው። ለማንም የምመክረው መልመጃ ይህ ነው።

ሌተርን (በኋላ) የምፈትነው ጊዜው ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር በመጠየቅ ነው። «ቱ አወርስ ሌተር» ቀድሞ ከተነገረው ድርጊት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ይቆጥራል። «ኢን ቱ አወርስ» ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ተናጋሪው ካለበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ያለፈ ታሪክ ስጽፍ ሌተርን፣ ቀጠሮ ስይዝ ኢንን እመርጣለሁ።