ሳቁን ለመጨረሻው ግስ ማቆየት

በእኛ ዘንድ ስለ ራስ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር መሆኑን እየሰማን ስላደግን፣ ብዕር አንሥተን ስለ ገዛ ሕይወታችን ልናወጋ ስንል ይሉኝታ ይይዘናል። በዚህም ምክንያት ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች በራሳቸው ላይ የደረሰውን አስቂኝ ገጠመኝ «አንድ ወዳጄ» ወይም «አንድ የማውቀው ሰው» ለሚባል ስም የለሽ ሰው ሰጥተው ያልፋሉ። ትሕትናው የሚከበር ጠባይ ቢሆንም ጽሑፉን ግን ይጎዳዋል፤ ባለቤት የሌለው ገጠመኝ ቀልድ ሊሆን ይችላል እንጂ ወግ፣ ማለትም ጸሐፊው ያየውንና የደረሰበትን በራሱ አንደበት የሚያወጋበት ጽሑፍ፣ አይሆንምና።

ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር የመጀመሪያውን ተናጋሪ አይፈልግም። እንዲያውም ጥሩ ሆኖ ሲገኝ እኛው ባለቤት እንፈልግለታለን። በ19ኛው መቶ ዘመን ከፎገራ የተነሡት አለቃ ገብረ ሃና ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቁ ሊቅ፣ በልጃቸው ስም ለሚጠራው የተክሌ አቋቋም ለተባለው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ስልትም መሠረት የጣሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ማን እንደተናገረው የማይታወቅ ቀልድም እየተለቀመ በእርሳቸው ስም ይወራል። አህያ እየነዳ ለሚሄድ አንድ ሰው «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ሰላምታ ሰጡ ሲባል ሰምተን፣ ሰላምታው አህያውንም የጨመረ መሆኑ ሲገባን እንስቃለን። ነገር ግን አለቃ በዚያ ቀን ከየት ይመጡ እንደነበር፣ ደክሟቸው ይሆን ወይስ ተደስተው፣ ባለ አህያው ፊቱን ካጠቆረ በኋላስ ምን እንደተሰማቸው ቀልዱ አይነግረንም፤ እንዲነግረንም አንጠብቅም። ወግ ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው ቀልዱ ዝም ካለበት ከዚህ ቦታ ነው።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1580 የመጀመሪያዎቹን ድርሳናቱን ሲያሳትም፣ የመጽሐፉ ጉዳይ እርሱ ራሱ መሆኑን በመግቢያው ላይ ለአንባቢ በግልጽ ነግሮታል። ኋላም ስለ ኩላሊት ጠጠሩ ሕመም ሳይቀር ጽፏል። በአማርኛም መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎች እና ሌሎችም ወጎች» የሚለውን መጽሐፍ ሲያቀርብልን፣ ቡና ቤት ተቀምጦ ሰውን ማስተዋል ለቁም ነገር ጽሑፍ የሚበቃ ጉዳይ መሆኑን አሳይቶናል። እኔ ከእነዚህ የምወስደው ድፍረቱን ነው፤ አጻጻፉን ግን እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ቤትና ከራሱ ሰፈር መፈለግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ስለ አጎቴ ለመጻፍ የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ረቂቁን ምናልባት እንዲህ ይጀምረው ይሆናል፦ «አጎቴ በጣም አስቂኝ ሰው ነው። አንድ ቀን የማያውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ሲያለቅስ ሁላችንንም በሳቅ ገደለን።» በዚህ ጽሑፍ ማንም አይስቅም። አንባቢው ገና ምንም ሳያይ አስቂኝ መሆኑ ተነግሮታል፤ ሊደርስበት የሚገባው ነገር ገና በመግቢያው ተዘርግፏል፤ በመጨረሻም እንዲስቅ የተገደደ ያህል ሆኗል። ያንኑ ጉዳይ በሌላ አደራረግ እንየው፦

«አጎቴ በማለዳ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ኀዘንተኞቹን አንድ በአንድ ካጽናና፣ እንባውን በጋቢው ጫፍ ከጠረገና የቀረበለትን ንፍሮ በእፍኙ ከተቀበለ በኋላ፣ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል ብሎ የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቀ።»

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ማሳረፉ ለሳቅ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። አንባቢው «ካጽናና»፣ «ከጠረገና»፣ «ከተቀበለ በኋላ» እያለ ሲጓዝ የሚጠብቀው ሌላ የኀዘን ሥርዓት ነው፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቃላት ግን እስከዚያ ያነበበውን ሁሉ ገልብጠው ያሳዩታል። «አስቂኝ» የሚለው ቃል በዚህ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ከ«ጠየቀ» በኋላ አንዲት ማብራሪያ ብትጨመር፣ ለምሳሌ «ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን» ቢባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ያከማቸው ኃይል ይባክናል። ስለዚህ ወግ የሚጽፍ ሰው ረቂቁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብበውና ሳቁ ከመጨረሻው ግስ ቀድሞ የሚፈስበትን ስንጥቅ በጆሮው ቢፈልግ መልካም ነው። ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ የሚገኘው «ድንገት» ወይም «የሚገርመው ነገር» በሚሉት ቃላት ዙሪያ ነው።

ዝርዝሩም እውነተኛ መሆን አለበት። ንፍሮው ከቀረና «ምግብ» ከተባለ፣ ጋቢው ከቀረና «ልብስ» ከተባለ፣ አጎቴ ሰውነቱን ያጣና ለቀልድ የተፈጠረ አሻንጉሊት ይሆናል። ማጋነንም ከዚህ የባሰ ጉዳት ያመጣል። እንባውን ጅረት አድርገን ከጻፍነው አንባቢው እንባውን አያምነንም፤ እንባውን ካላመነ ደግሞ ጥያቄው ሊያስቀው አይችልም።

ይሁንና ጽሑፉ በጥያቄው ላይ ቢያበቃ አጎቴን መሳቂያ አድርጎ ያስቀረዋል። አጎቴ ጆሮው ደከም ያለ ሰው ነው። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በሌሊት ሲያልፍ የሟቹን ስም ቢጠራም ለአጎቴ የደረሰው የጡሩምባው ድምፅ ብቻ ነበር። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ ብሎ ግን አልዘገየም፤ ሰው መሞቱን ካወቀ መሄድ እንዳለበትም ያውቃል። እንባው የውሸት አልነበረም፤ በየለቅሶው የገዛ ሙታኑን እያሰበ እንደሚያለቅስ በቤተሰባችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ይህ ከሳቁ ቀጥሎ ሲመጣ አንባቢው የሳቀበትን ሰው ያከብረዋል፤ ለእኔ አስቂኝ ወግ ከፌዝ የሚለየው በዚህ ነው። (ሰፈር ውስጥ ወግ አዋቂ የሚባሉት ሽማግሌዎችም የሚያወጉበት መንገድ ይኸው ነው፤ ያሳቁንን ሰው ወዲያው መልሰው በክብሩ ቦታ ያስቀምጡታል።)

በቁጣ ላይ ሆኖ መጻፍን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ በማግስቱ የተጻፈ ወግ የክስ ማመልከቻ ስለሚመስል፣ የሚያስቀው ጸሐፊውንና ወዳጆቹን ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ የፈቃድ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይኖርም፤ ስለ አጎት የተጻፈ ነገር ስለ አክስትም፣ ስለ ጎረቤትም፣ ስለ እድሩም የተጻፈ ነው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት ለአጎቴ አነበብኩለት። ከልቡ ሳቀ፤ ከዚያም የሟቹ ልጆች አሁንም በዚያው ሰፈር ስለሚኖሩ የሰፈሩ ስም ከጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቀኝ። የሰፈሩ ስም ለታሪኩ ጥሩ ቀለም ሰጥቶት ነበር፤ ቢሆንም ሰረዝኩት። ለምን ይህን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁኝ ወጣት ጸሐፊዎች አሉ፤ መልሴ አጎቴ እነዚያን ልጆች በየበዓሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊላቸው ስለሚገባ ነው የሚል ነው። ስለሞቱ ሰዎች ስጽፍ ፈቃዱን የምጠይቀው ከልጆቻቸው ነው፤ እነርሱ ቅር ካላቸው ጽሑፉ ከደብተሬ አይወጣም።