ደብተር ይዤ በመንገድ 138

ባለፈው የጉዞ ማስታወሻዬን አንብባችሁ «የሹፌር መዝገብ ይመስላል» ላላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ። ከየት ተነሳሁ፣ ስንት ሰዓት ደረስኩ፣ ነዳጅ የት ቀዳሁ። በቃ። ስለዚህ ዘንድሮ ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ የሴንት ሎረንስ ወንዝን ሰሜናዊ ዳርቻ ተከትሎ በሚሄደው መንገድ 138 ላይ ስወጣ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ማታ ሞቴል ገብቼ አልጽፍም። ያየሁትን እዚያው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ አልሆነልኝም። የሳግኔ ወንዝ ሴንት ሎረንስን የሚቀላቀልበት ቦታ ድልድይ የለውም። መኪናችሁን ይዛችሁ ጀልባ ላይ ትገባላችሁ፤ በነፃ ነው፤ አስር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እስክሪብቶ ስፈልግ ደረስን። የጻፍኩት «ንፋስ። ብርድ። ታዱሳክ።» ብቻ ነው፤ ታዱሳክ ማዶ ያለችው መንደር ናት።

ፈረንሳይኛዬም አዋረደኝ። በአፕ የተማርኩት የፓሪሱን ነው፤ እዚያ «ዴዥኔ» ምሳ ነው። ማደሪያዬ «ዴዥኔ ከዋጋው ጋር ነው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ፣ ቁርስ ዘልዬ ስዞር ቆይቼ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከች አልኩ። ባለቤቷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ጠረጴዛ እየወለወሉ ነበር። ለካ ኬቤክ ውስጥ ዴዥኔ ቁርስ ነው! ምሳው «ዲኔ»፣ እራቱ «ሱፔ»። ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ዳቦና ቡና ሰጡኝ። ሴንት ሎረንስን «ላ ሜር»፣ ባሕሩ፣ ሲሉት የሰማሁትም ከሳቸው ነው። ወርጄ በጣቴ ቀመስኩት። እውነትም ጨው ጨው ይላል።

ከታዱሳክ አለፍ ብሎ ካፕ ደ ቦን ዴዚር የሚባል ድንጋያማ ዳርቻ አለ። እዚያ ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ አያስፈልግም። ከ300 ሜትር በላይ የሚጠልቅ የውሃ ውስጥ ሸለቆ ከአትላንቲክ ድረስ መጥቶ እዚህ አካባቢ ድንገት ያበቃል። ቀዝቃዛው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል፤ ዓሣ ነባሪ የሚበላቸው፣ ሽሪምፕ የሚመስሉ ደቃቅ ፍጥረታትም እዚያ ይከማቻሉ።

የሄድኩ ቀን ጉም ነበር። ድንጋዩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ውሃውም አይታይ። ልነሳ ስል «ፉፍፍ» አለ። የአንበሳ አውቶቡስ በሩን ሲከፍት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እሱን ነው፤ ግን የሚተነፍስ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንድ ሕፃን ብቻ ጉሙን በጣቱ እየጠቆመ «ላ! ላ!» ይላል፣ «እዚያ! እዚያ!» ማለቱ ነው። እንደገና ተነፈሰ፤ አሁን ቀረብ ብሎ። ጥቁር ጀርባውን ያየሁት አንዴ ብቻ፣ ለቅጽበት ነው።

አራት ገጽ ጻፍኩ። አንድም ኪሎ ሜትር የለበትም።

ዘንድሮ ሴት ኢል ከምትባል ከተማ ወደ ኋላ ተመለስኩ። መንገዱ ኬጋስካ ድረስ ይሄዳል፤ እሱን ለከርሞ አቆይቼዋለሁ። እስከዚያው አንድ ጥያቄ፦ ከአራቱ ገጽ ሁለቱ በጉሙ ርሰው ቀለሙ ተዘባርቋል። ሜዳ ላይ በእርሳስ የምትጽፉ ካላችሁ የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝ።