ልጆች ይዞ ጅማ መሄድ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እህቴ ለገና ዕረፍት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከፍሎሪዳ መጥታ ነበር። ባሏ የጅማ ልጅ ነው። እሱ ሥራ ይዞት ስለቀረ የአባታቸውን አገር ማሳየቱ ለእኛ ተረፈን። ወሊሶ ቁርስ በላን። የጊቤን ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ልጆቹን አስተኛቸው። ጅማ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሌሊት መጥፎ ነበረች። ዘመድ ቤት ደክሞን በጨለማ ከምንገባ ብለን ሆቴል ያዝን። ከክፍላችን በታች ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልበረደም። ጠዋት ሒሳብ ስንጠይቅ እህቴ የውጭ ፓስፖርት ስላላት በዶላር ትክፈል ተባለ። ሲያስገቡን ያልነገሩንን! ተከራክረን ግማሹን በብር አስደረግነው፤ ግን ቀኑን በንዴት ጀመርን። የባሏ አክስት ደግሞ ሲሰሙ ተቆጡ። «ሆቴል ምን አስገባችሁ? እኛ ሞተናል እንዴ?» ሻንጣችንን ወዲያው እሳቸው ቤት አስገባን።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጫወቻ ቦታ አማራቸው። ከተማ ውስጥ አንድ አገኘን። መግቢያው ለአንድ ልጅ 200 ብር ነው። በሩ ላይ ልጆቹ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰሙና 300 አሉን። ከፈልን። ውስጡ አዲስ አበባ ካሉት ጋር አንድ ነው፦ በአየር የተነፋ መንሸራተቻ፣ ትራምፖሊን፣ ግድግዳው ላይ ፍሮዝን ከሚባለው የካርቱን ፊልም ኤልሳ፣ ሚኪ ማውስ፣ ስፓይደርማን። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔን ያሳዘነኝ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያየሁት ነው። የእጅ ቡና መፈልፈያ፣ የእንጨት ሙቀጫ፣ ስለ ቡና የሚያስረዳ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ፣ ላያቸው ላይ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች።

ኃላፊውን ጠየቅሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥያቄዬን አልናቀውም። መጀመሪያ ሲከፍቱ መሃሉ ላይ የቡና ማሳያ ነበራቸው። ቦታው ለኤልሳ መንሸራተቻ ተፈለገና ተነሣ። «ቡናማ በየቤቱ አለ፤ ማን ከፍሎ ያያል? ልጆች የሚጠይቁት ኤልሳን ነው» አለኝ። የኪራይና የመብራት ሒሳቡን ነገረኝ። ለዚያ መልስ አልነበረኝም።

ማታ ግን ከእህቴ ጋር ተከራከርን። እሷ ከሰውዬው ጋር ናት። ከቤቷ ብዙም በማይርቀው በኤፕኮት ያየችው ይህንኑ ነው። ኤፕኮት ዲዝኒ በጥቅምት 1982 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ የከፈተው መናፈሻ ነው። ሲከፈት የልዕልቶችና የሚኪ ማውስ ቦታ እንዲሆን አልታሰበም ነበር። ስለ ኃይል ምንጭ፣ ስለ መጓጓዣ፣ ስለ እርሻ እያዝናና የሚያስተምር ነበር። ቀስ በቀስ ግን ተቀየረ። ስለ ኃይል ምንጭ የሚያሳየው ሕንጻ በ2017 ተዘጋ። በ2022 እዚያው ቦታ በፊልም ጀግኖች ላይ የተመሠረተ ሮለር ኮስተር ተከፈተ። አገሮችን ከሚያሳዩት ክፍሎቹ አንዱ በሆነው በኖርዌይ ክፍል ስለ አገሪቱና ስለ ባሕረተኞቿ የሚያሳይ የጀልባ ጉዞ ነበር። እሱም በ2014 ተዘግቶ በ2016 የፍሮዝን ፊልም ጉዞ ሆነ።

«ልጆቼ ያለ ኤልሳ ኖርዌይ የሚባል አገር መኖሩን አያውቁም ነበር» አለች እህቴ።

ትልቋን ልጅ ጠራኋት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ኖርዌይ ምን አለ አልኳት። «ኤልሳ» አለች። ሌላስ? ትንሽ አሰበች። «በረዶ።»

እህቴ ሳቀች፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። ኤልሳ የምትኖርበት አሬንዴል በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ልጅቱ የእውነተኛው አገር ክፍል ገብታ የፊልሙን አገር ብቻ ይዛ ወጣች። ይህ ንግድ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅ በዚያ ዕድሜ የሚያየው ነገር ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እህቴ የነገረችኝ አንድ ነገር ሐሳቤን አስተካክሎልኛል። እዚያው ኤፕኮት በ1986 የተከፈተ የባሕር ክፍል አለ። ከ20 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ የሚይዝ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለው። በኋላ ኒሞ የሚባለው የካርቱን ዓሣ ገባበት፤ የቦታው ስም ሳይቀር በእሱ ተጠራ። ዓሣዎቹ ግን አልተነሡም። ልጆቹ ኒሞን ብለው ይገቡና ከመስታወቱ ማዶ እውነተኛ ሻርክ ያያሉ። ትንሹ ልጅ ስለ ኤሊዎቹ ሲያወራ አይጠግብም። እንዲህ ከሆነ ኒሞ እሰየው! የሚያናድደኝ ገጸ ባሕርዩ ሲገባ ዓሣው ሲወጣ ነው። ጅማ ላይም ኤልሳ መግባቷ አላስከፋኝም። የቡናው መፈልፈያ መጸዳጃ ቤት አጠገብ መጣሉ ነው ያስከፋኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአባ ጂፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ወጣን። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጂፋር ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። ግቢው ውስጥ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። እንጨቱ ላይ ያለው የእጅ ሥራ አዲስ አበባ ከማውቃቸው የድሮ ቤቶች ይበልጥብኛል።

ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ያስጎበኙን ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ዓመተ ምሕረት አልደረደሩም። ልጅቱን «ንጉሥ ብትሆኚ ከየትኛው መስኮት ትመለከቻለሽ?» አሏት። ሮጣ ወጣችና መረጠች። ለምን ያንን እንደመረጠች ጠየቋት። «ከተማው ስለሚታይ» አለች። «ንጉሡም እንዳንቺ ነበሩ» አሏትና ስለ ሂርማታ ገበያ ነገሯት። በዚያ ገበያ ከሩቅ አገር በበቅሎ የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጥ ነበር።

«ሰውም ይሸጥ ነበር» አሏት፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ልጆችም ይሸጡ ነበር? ማን ገዛቸው? ንጉሡ ለምን አልከለከሉም? ሰውዬው እያንዳንዱን በልጅ ልክ መለሱላት። ምንም አልደበቁም፤ አላስፈራሯትምም። እኔና እህቴ ከኋላ ቆመን ሰማን። አንድም የካርቱን ቤተ መንግሥት ልጅን እንዲህ ሲያስጠይቅ አላየሁም። ሊያስጠይቅም አይችልም፤ የተሠራው ለዚያ አይደለም። ለዚህ ነው እውነተኛው ነገር ከቦታው መነሣት የለበትም የምለው።

ጉርሻ ልንሰጣቸው ስንል እንቢ አሉ። ልጆቹ እጃቸውን ሳሙና ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አክስት ጓሯቸው ውስጥ ልጆቹን እሸት ቡና አስለቀሙ። ቀይ ቀዩን ብቻ። ትንሹ ልጅ አንዱን አፉ ውስጥ ከተተና «ይጣፍጣል!» ብሎ ጮኸ። ቡና ጥቁርና መራራ ነገር ብቻ ይመስለው ነበር። ከዚያ የደረቀውን ጀንፈል በሙቀጫ አስወቀጧቸው። ገለባውን አነፈሱ፣ ቆሉ፣ ጭሱን አሸተቱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክ የጠየቀ ልጅ የለም። አዲስ አበባ ሳይንስ ሙዚየምም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ልጆች የሚሰለፉት እጅ የሚያስገባ ነገር ካለበት ጋ ነው። ሰሌዳ ብቻ አቁመህ «ትምህርት አይወዱም» ማለት ልጆቹን መበደል ነው። ያ የጅማው ማሳያም ሰሌዳ ይዞ ቆመ እንጂ መፈልፈያውን ያዞረ ልጅ አልነበረም፤ ኃላፊው ራሱ «እንዳይሰበር አይነካም ነበር» ብሎኛል።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት ወደ መጫወቻ ቦታው ተመልሼ ሄድኩ። አክስት ከሰጡን እሸት ቡና አንድ ፌስታል ይዤ ነበር። ኤልሳን አታንሣ አልኩት። መፈልፈያውን ከመንሸራተቻው መውጫ አጠገብ አድርገው፤ የሚወርደው ልጅ ሁሉ አንድ ጊዜ ያዙረው፤ የፈለፈለውን ደግሞ ይዞ ይሂድ። ኃላፊው የፌስታሉን ቡና አየና ወንበሮቹን ከመፈልፈያው ላይ ማንሣት ጀመረ። የመፈልፈያው አንዱ እግሩ ተሰብሯል። አናጺ እንደሚጠራ ነገረኝ፤ እኔም የአናጺውን ግማሽ ሒሳብ ሰጥቼው ወጣሁ።