ስለ ኪራይ ልጽፍ ነበር

ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ኪራዩ ልጽፍ ነበር። አከራዬ ትናንት ማታ አንኳኩተው «እንግዲህ ልጄ፣ ኑሮው እንደምታዪው ነው» ሲሉ ወሬው የት እንደሚያልቅ ወዲያው ገባኝ። በደንብ ላማርርላችሁ ብዬ ቡናዬን አፍልቼ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ሥር የሚኖር ሰው ደግሞ ይበልጥ ያውቀዋል። ገልባጭ መኪና ጣሪያዬ ላይ ጠጠር የሚደፋ ነው የሚመስለው። ሬዲዮ አይሰማ፣ ስልክ አይነሳ። የራሴ ሐሳብ እንኳ በደንብ አይሰማኝም። እንዲህ ደንዝዤ ቁጭ ባልኩበት፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረበት፣ ውስጡ ግን ጸጥ ያለ አንድ ቤት ትዝ አለኝ።

ዋኤ ሬቦ።

ያን ጊዜ ለስብሰባ ጃካርታ ሄጄ፣ በዚያው ያቺ ፊሊፒንሳዊት ጓደኛዬ ጎትታኝ ፍሎሬስ ደሴት የደረስኩ ጊዜ ነው። ከኮሮና በፊት ነው። ስለ ኮሞዶ እንሽላሊቶች ጽፌላችሁ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ ስለ ፍርሃቴም ሳቃችሁብኛል። ስለ ዋኤ ሬቦ መንደር ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ ዛሬ ነው የገባኝ፤ እመጣበታለሁ።

ፍሎሬስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከባሊ ወደ ምሥራቅ ናት። ስሟን ያወጡላት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ አበቦች ማለት ነው። በምዕራብ ጫፏ ያለው አገር ማንጋራይ ይባላል፣ ሰዉ በአብዛኛው ካቶሊክ ነው። ከወደብ ከተማዋ ከላቡአን ባጆ በመኪና ስትሄዱ መንገዱ እንደ ሊማሊሞ ይጠማዘዛል፣ ልዩነቱ በየመታጠፊያው ሩዝና ሙዝ መኖሩ ነው። ደንጌ የምትባል መንደር አካባቢ መንገዱ ያልቅና በእግር ይቀጠላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ዳገት፣ ጫካ ለጫካ።

ዋኤ ሬቦ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኔ ከ2,300 ሜትር በላይ የመጣሁ ደገኛ ነኝ፣ ይሄማ ለእኔ ቆላ ነው ብዬ ጓደኛዬ ላይ ተኩራርቻለሁ። ወበቁን አልቆጠርኩትም። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደግፌ ሳለከልክ አንዲት ሴትዮ ሩዝ በጆንያ አዝላ በነጠላ ጫማ አልፋን ሄደች። አንዴ ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። መንደሩ ቡና አምራች ነው፤ ቡናው በሰው ጀርባ ይወርዳል፣ ሩዙ በሰው ጀርባ ይወጣል። እኔ የውሃ ኮዳዬን ለአስጎብኚው አሸክሜያለሁ።

መንደሩ ከላይ የሚታይበት ቦታ ስንደርስ አስጎብኚያችን ከቀርከሃ የተሠራች ነገር አንስቶ መታ። እንግዳ እየመጣ ነው ማለት ነው። ታች በጉም ውስጥ ሰባት ጎጆዎች ታዩኝ።

ጎጆ ስላችሁ የእኛን አታስቡ። ወይም አስቡና ወደ ላይ ሳቡት። ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው፣ ክዳኑ ከጫፍ እስከ መሬት ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ግድግዳ የሚባል ነገር ከውጭ አይታይም። ማንጋራዮች ምባሩ ኒያንግ ይሉታል። ሰባቱ ቤቶች ክብ በሆነ የድንጋይ መሠዊያ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ክዳኑ ሳርና ከዘንባባ ግንድ የሚወጣ፣ እንደ ቃጫ ያለ ጥቁር ጭረት ነው። ምስማር የለውም። እንጨቱ ሁሉ የታሰረው በሐረግ ነው።

ከመሐላቸው ትልቁ ቤት፣ የከበሮው ቤት፣ ስምንት ቤተሰብ ያኖራል። ሌሎቹ ስድስት ስድስት። (ስምንት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ፣ ኪራይ የለም። አከራዬ ይህን እንዳያነቡ።) ማንም እንግዳ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ካሜራ ማውጣት ክልክል ነው። አንድ አዛውንት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በማንጋራይኛ ለቅድመ አያቶቻቸው ተናገሩ፤ እነዚህ ሰዎች መጥተዋል፣ ጠብቁልን፣ በሰላም ወደየአገራቸው መልሱልን። ሲጨርሱ አስጎብኚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከአሁን በኋላ እንግዳ አይደላችሁም፣ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ልጆች ናችሁ» አለኝ።

አለቀስኩ። ጓደኛዬ ጢሱ መስሏት ፊቷን አዞረችልኝ። በነጋታው ልጅነቴ እንደተጠበቀ ሆኖ የአዳር ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማታ ምንጣፋችን ላይ ተጋድመን አስጎብኚው የቤቱን ፎቆች በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። አምስት ናቸው። ታችኛው ሉቱር፣ ሰው የሚኖርበት። ከላዩ ሎቦ፣ እህልና ዕቃ። ከዚያ ለንታር፣ ለዘር የሚቀመጥ። ከዚያ ለምፓ ራኤ፣ ዝናብ ለቀረበት ዓመት የተቀመጠ ስንቅ። ጫፉ ላይ ሄካንግ ኮዴ፣ የአያቶች መሥዋዕት። አስቡት፣ ከጭንቅላትህ በላይ የዘንድሮ እህል፣ ከእሱ በላይ የመጪው ዓመት ዘር፣ ከእሱም በላይ የክፉ ቀን። ይሄ ሁሉ ቆጥ ያላቸው ሰዎች የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ተረት ባይኖራቸው ይገርመኛል።

ጀነሬተሩ ከጠፋ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። እኔ የምጠብቀው ያንን የቆርቆሮ ጩኸት ነበር። አልመጣም። የሆነ ነገር ሩቅ ቦታ የሚተነፍስ ይመስላል፣ በቃ። ጠብታ የለም። እንቅልፍ የወሰደኝን ሰዓት አላውቀውም።

ጠዋት ግቢው በሙሉ ቡና ተሰጥቶበት ነበር። ጥጥ የመሰለ ጉም ብቅ ሲል ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ተሯሩጦ ምንጣፉን ይጠቀልላል፣ ጉሙ ሲያልፍ መልሶ ይዘረጋል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስቴ። አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀምጬ ፍሬ መልቀም ጀመርኩ። ጣቷ ሳታየው ነው የሚለቅመው፤ ወሬዋን ታወራለች፣ እጇ ብቻውን የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለየ ወደ ጎን ይጥላል። የእኔ ጣት አንዷን ፍሬ አንስቶ ያገላብጣል፣ ያስባል፣ ይመልሳል። ቡና አመጣችልኝ፤ በብርጭቆ፣ ስኳሩ ገብቶበት፣ አተላው ከነነፍሱ። እስኪረጋ ትጠብቁና ከላይ ከላይ ትጠጣላችሁ። ሁለተኛ አይቀዳም። ቶና የለ፣ በረካ የለ።

እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? በአስጎብኚው በኩል «ቡና እኮ ከእኛ አገር ነው የመጣው» አልኳት።

ውሸት አይደለም። የደች ነጋዴዎች በ1696 ከሕንድ ማላባር ጠረፍ ችግኝ ወስደው ጃቫ ላይ ተከሉ፣ ጎርፍ በላው፣ በ1699 ደገሙት፣ ያዘላቸው። ማላባር የደረሰው ከየመን ነው። የመን ከየት እንዳመጣው ደግሞ ለእናንተ አልነግርም። ሴትዮዋ ግን ትርጉሙን ሰምታ ጨረሰችና፣ ወደ ጫካው አሻቅባ አይታ፣ ሳቀች። የመለሰችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይሄን የተከለው አያቴ ነው።»

ልቀማዬን ቀጠልኩ።

ስለ አያት ካነሳን፣ የመንደሩ የመጀመሪያ አባት ማሮ ይባላል፣ ከሱማትራ፣ ከሚናንግካባው አገር መጣ ይላሉ። ሲሸሽ ጥርኝ የመሰለች አውሬ ረድታ አዳነችው፣ ስለዚህ እስከ ዛሬ የዚያችን አውሬ ሥጋ አይበሉም። እኛ ጥርኝን ቀፎ ውስጥ አስረን ዝባዷን ስንፍቅ ነው የኖርነው። ውለታ እንደየአገሩ ነው።

ስመለስ በቻንቻር በኩል አለፍን። እዚያ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ የሩዝ ማሳውን ወደ ታች ስታዩ የሸረሪት ድር ነው። ሊንግኮ ይሉታል። ክብ የጋራ መሬት ነው፣ መሐሉ ላይ ሎዶክ የሚባል ምልክት ይተከላል፣ የመሬት አለቃው ቱአ ተኖ ከዚያ ተነስቶ ለየቤተሰቡ በጣት ይለካል። ሞሶ ማለት ጣት ነው። መሐሉ ላይ የአንድ ጣት ስፋት የነበረው ወደ ዳር እየሰፋ ሄዶ ማሳ ይሆናል። በዋኤ ሬቦው ቤት ውስጥ ተጋድሜ ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ያየሁት ሥዕል ይኸው ነበር፤ እንጨቱ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ክብ ሆኖ ሲወርድ። ማሳውን ገልብጣችሁ ብታቆሙት ቤት ይሆናል። ወዲያው የመጣልኝ አጎቴ ነው። ያ ድንበር ገፊ አጎቴ። እዚያ ቢወለድ የአንድ ጣት ሩብ ገፍቶ ዳር ላይ ስንት ጥማድ እንደሚያገኝ ሲያሰላ ታየኝ።

እንግዲህ የፈራሁት ጋ ደረስን።

በ2008 የጃካርታ አርክቴክቶች ዋኤ ሬቦ ሲደርሱ ከሰባቱ ቤቶች የቀሩት አራት ነበሩ። ሌላው የማንጋራይ አገር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ወደ ቆርቆሮ ገብቷል። ከዚያ ገንዘብ ተፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ለወጣቱ አሠራሩን አሳዩ፣ ሰባቱም ቆሙ፣ በ2012 ዩኔስኮ ሸለማቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ይህን ሲነግሩኝ ራሴን እየነቀነቅኩ «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር እንዲጠፋ ይተዋል? ሰው እንዴት የአያቱን ቤት ያፈርሳል?» ብያለሁ። በዚህ አፌ።

ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እኔና ታናሼ አዋጥተን የእምዬን ሳር ቤት አፍርሰን ቆርቆሮ አልብሰናታል። 38 ቆርቆሮ። ፎቶውን ለጥፌ «ተመስገን» ብዬበታለሁ፤ ላይክ አድርጋችኋል፣ አትካዱ።

የእምዬ ቤት መንዝ ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሳር ነበር። ጓሳ ዝም ብሎ የሚታጨድ ሳር አይደለም። አባቶች ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ለዓመታት ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል፣ ያኔ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ይህን ያወቅኩት አንብቤ ነው። የዋኤ ሬቦን ቤት አምስት ፎቅ ስሙን በቃሌ ስደረድርላችሁ ሰማችሁኝ። የእምዬን ቤት ጠይቁኝ እስኪ። ምሰሶ፣ ማገር፣ ጉልላት። ከዚያ በኋላ «ያ እንጨት» እና «ያኛው እንጨት» ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የዋኤ ሬቦ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ታች ኮምቦ ነው፣ ቤተሰቡ እዚያም ቤት አለው፣ የታቹ ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ማለት ያቺ ሩዝ ያዘለች ሴትዮ ከቆርቆሮ ወጥታ ወደ ሳር ቤት እየሄደች ነበር። ሁለቱንም ትኖርባቸዋለች። እኔ ነኝ አንዱን ምረጡልኝ የምል። ሳር ቤቱ የማን ነው? የአያቶቹ? የእሷ? ወይስ እንደ እኔ ያለ አዳሩን ከፍሎ የሚያለቅስ ልጅ እንዲመጣ ነው የቆመው? ቱሪስት ባይመጣ ቀጣዩን ክዳን ማን ይከድነዋል?

ዝናቡ አባራ። እምዬ ጋ ደወልኩ።

«እምዬ፣ ሳር ቤቱ አይናፍቅሽም?»

ዝም አለች። ልቧ ተነካ ብዬ ጠበቅኩ።

«ገንዘብ ቸገረሽ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። ሲዘንብ ጸጥ ይል ነበር አይደል?»

«ቁንጫውስ? በልተውኝ አደሩ እያልሽ ሌሊቱን ስታለቅሺ፣ ወንድምሽ ሲስቅብሽ ረሳሽው? በየዓመቱ ክዳን፣ በየዓመቱ ሰው ልመና። ደግሞ ጥቀርሻው ወጡ ላይ ጠብ ሲል። ምን ሆነሻል አንቺ?» ትንሽ ቆየችና «ብቻ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመጣ ያሳብዳል» አለች። «አንቺስ ያለሽበት ክዳኑ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ።»

«የራስሽ ሆነ?»

«አይ፣ የኪራይ ነው።»

«እና ለእኔ ሳር ቤት ምን አስጨነቀሽ?»

«አይሰማኝም እምዬ» አልኳት። «ዝናብ ነው።»

ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አልፎታል።