ተመስገን፣ እንደ ፈሪሳዊው አይደለሁም?

ጠዋት ሉቃስ 18ን አነበብኩ። ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። ፈሪሳዊው፣ ሕግ አጥባቂው የሃይማኖት ሰው፣ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ» እያለ ይጸልያል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል። ቀራጩ (ግብር ሰብሳቢው) ግን ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት እንኳ አልደፈረም፤ ደረቱን እየመታ ምሕረት ለመነ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው እሱ ነው። እኔም መጽሐፉን ዘግቼ «ተመስገን፣ እንደዚያ ፈሪሳዊ አይደለሁም» አልኩ። (ምን እንዳልኩ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው።)

ሥራ ቦታ አንድ ሰነድ ተበላሽቶ ተገኘ። በዕድሜ የሚያንሰኝን ባልደረባዬን ሰው ፊት ተቆጣሁት። ዝም አለ። በኋላ ፋይሉን ስከፍተው ስህተቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። በገዛ እጄ የጻፍኩት ቁጥር!

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ብዬ ላስተካክለው የሚል ነበር። ማን ያውቃል? ግማሽ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ስንት ዓመት የጸለይኩ ሰው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትለዋ አጭር ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ሲል፣ እኔ የማስበው በጸሎት ላይ አንዴ እንደ መብረቅ የሚወርድ ነገር ነበር። የግሪክኛው ግስ ግን እየቀጠለ የሚሄድ ድርጊትን ነው የሚያሳየው። ዛሬ የኔ ድርሻ ከወንበሬ ተነሥቶ ዐሥር እርምጃ መሄድ ብቻ ነበር። ያቺም ከበደችኝ።

ሄድኩ። የተቆጣሁት ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም ሰው ፊት ጠየቅሁ። ፈገግ አለና ቀስ ብሎ፣ «ቁጥሩን እኮ አይቼው ነበር» አለኝ።

አውቆ ነው ዝም ያለው። እስካሁን እሱን እያሰብኩ ነው።